ወይዘሮ ፈነት ነገሪ፣ የእሁድ ኳሳችን ወጌሻ

ወገኖቼ፣ በዚህ ብርድ ከሴንት ፖልም፣ ከዉድበሪም፣ ከፕሊማውዝም የሥራ ሺፍታችሁን ለውጣችሁ የመጣችሁ፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ይህን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የወይዘሮ ፈነት ባለቤት አቶ በሪሁን ያዘዙኝ ትምህርት ስላለኝ አይደለም። ሃያ ዓመት በረኛ ሆኜ ተከላካይ ላይ ስጮህ የኖርኩ ነኝና ድምፄ ያለ ማይክ ኋላ ድረስ ይደርሳል ብለው ነው።

ወይዘሮ ፈነት፣ እኛ በኦሮምኛው አክብረን አዴ ፈነት የምንላቸው፣ ከአባታቸው ከአቶ ነገሪ ዋቅጅራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲምቦ ጉተማ በ1957 ዓ.ም. ጊምቢ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የወለቀ የሚመልሱ፣ የተሰበረ የሚጠግኑ፣ አገር የሚያውቃቸው ወጌሻ ነበሩ። አንድ ጊዜ ግን የአንድ ገበሬ ክንድ በሸምበቆ ሲያስሩ አጥብቀውት፣ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ እጁ ተቆረጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቀዋል፤ እሳቸው ግን ለመጣው በሽተኛ ሁሉ ይናገሩት ነበር። ልጃቸውንም ሥራውን ሲያስተምሯቸው፣ “ጥፍሩን ጫን አድርገሽ ልቀቂው። ደሙ ቶሎ ካልተመለሰ ሥራው ያንቺ አይደለም” ይሏቸው ነበር።

አዴ ፈነት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ በስደት ናይሮቢ ሳሉ ከአቶ በሪሁን ጋር ተጋቡ፤ ሲፋንንም እዚያው ወለዱ። በ1996 ዓ.ም. ሚኒሶታ ገብተው በዓመቱ ኖህን ወለዱ። ከዚያ የነርስ ረዳትነት ተምረው፣ ዉድበሪ በሚገኝ የአረጋውያን ማረፊያ አሥራ ሰባት ዓመት ሽማግሌ ሲያነሱና ሲያስተኙ ኖሩ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ባላቸው ኳስ ሲጫወቱ ሊያዩ መጡ። እኛ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ትራክ ስንነዳ ተቀምጠን ከርመን፣ በሐበሻ ቀጠሮ አርፍደን፣ ከመኪና ወርደን ቀጥታ ወደ ኳስ ነው። የዚያን ቀን የአንዱ የተረከዝ ጅማት ሲበጠስ፣ ዱላ የተሰበረ ይመስል እኔ ጎሉ ድረስ ተሰማኝ። አዴ ፈነት ሰውየው ወደ ሐኪም ከተላከ በኋላ ሰበሰቡንና፣ “በጥር መኪናችሁን ሳታሞቁ ትነዳላችሁ? እግራችሁ ከቶዮታ ያንሳል?” አሉን።

“አዴ፣ ቶዮታዬ እኮ አዲስ ነው፤ ያረጀው እግሬ ነው” አለ ከተጫዋቾቹ አንዱ ባድሩ።

“እንግዲያው አንተ ሁለት ዙር ጨምር!”

ከዚያ ወዲያ የጨዋታውን ሰዓት ግማሽ ሰዓት አስቀድመው ይነግሩን ጀመር። አርፍደን ስንደርስ ለማሟሟቂያው በሰዓታችን ደርሰናል። ይህን ያወቅነው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጅማት የበጠሰ አልነበረም። ወለምታ ሲያገኘንም ቪክስ ይዞ ለማሸት የሚሮጠውን ሁሉ፣ “ዛሬ አይታሽም! በረዶ አምጣ፣ እግሩን ከፍ አድርግ፣ አፍህንም ዝጋ” ይሉታል። እጃቸው ያበጠ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲያርፍ ዓይን ያለው ነበር የሚመስለው።

አሁን የምነግራችሁን ግን እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። የዛሬ ሦስት ዓመት በነሐሴ ሰው ጎድሎብን ኖህን አስገባነው። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። በትከሻው ወደቀና ክንዱ ተንጠለጠለ። ሁላችንም ወልቋል አልን። ልጁ በእንግሊዝኛው፣ “ማም፣ ፕሊስ፣ ጀስት ፑት ኢት ባክ” እያለ ያለቅሳል። አቶ በሪሁንም፣ “የነገሪ ልጅ አይደለሽም? መልሺለት እንጂ!” ብለው ጮሁ።

አዴ ፈነት ተንበረከኩ። የልጃቸውን ጥፍር ጫን አድርገው ለቀቁት። ነጭ ሆኖ ቆየ። እንደገና ጫኑት፤ አሁንም ቆየ። ያን ጊዜ ሁለቱን እጆቻቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡና፣ “ይሄ የእኔ አይደለም፤ 911 ደውሉ” አሉ።

“ፈሩ” ብሎ ያንሾካሾከ ሰው ነበር። እኔ ነበርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ክንዱን ሳይጎትቱ፣ ባለበት ደግፈው ይዘው፣ ልጃቸው “ለምን?” እያለ ፊታቸው ሲያለቅስ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ንቅንቅ አላሉም። ኤክስሬይ ሲነሳ አጥንቱ ከትከሻው ሥር ተሰብሮ ስባሪው የደም ሥሩን ተጭኖታል። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው፣ “የጎተተው ሰው አለ?” ብሎ ነው። የለም ሲባል ተነፈሰ። ተጎትቶ ቢሆን ኖሮ እጁ ላይተርፍ ይችል ነበር አለ። በእጃቸው ተአምር የሚሠሩ ሰዎች አይቻለሁ። ማዳን የሚችል እጇን፣ የገዛ ልጇ እየለመናት የከለከለች እናት ግን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

አምና የጨጓራ ካንሰር ተገኘባቸው። አልጋ ላይ ሆነውም ሊያነሷቸው የመጡትን ነርሶች፣ “ከወገብሽ አይደለም፣ ከጉልበትሽ ተነሺ” እያሉ ያርሟቸው ነበር። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ባላቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ በስልሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ከእሳቸው የቀሩት ባለቤታቸው አቶ በሪሁን፣ ልጆቻቸው ሲፋንና ኖህ፣ የልጅ ልጃቸው ትሕትና፣ ጊምቢ ያሉት እህታቸው ወይዘሮ ጃለኔ ናቸው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈልኝ ይህ ነበር፤ እኔ ግን ጨምሬበታለሁ። የዳነ ሰው ስሙ ይታወቃል። ሳይጎዳ የቀረ ሰው ግን ከምን እንደተረፈ ራሱም አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ እዚህ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚያለቅስላቸው ሁሉ ከእሳቸው ከቀሩት አንዱ ነው።

ጌታ ሆይ፣ ስንት ሰው የደገፈውን እጃቸውን አንተ ያዝላቸው፤ ሕመም በሌለበትም አሳርፋቸው። አሜን።