ቁራኛ በመሬት ሆድ

(ፀሐይ በማትጠልቅበት በመሬት ሆድ ውስጥ፣ ከገደል ወገብ ላይ ባለች ቀጭን መንገድ፦ ከላይኛው ዓለም የወረደው ወጣት መሬት ቀያሽ አንዳርጌ እና የዚያው የውስጥ አገር ገበሬ እትዬ የሻረግ፣ የእሱ ቀኝ እጅ ከእሳቸው ግራ እጅ ጋር በኩታ ተቋጥሮ፣ እሱ ወደ ዋሻው እሳቸው ወደ ሐይቁ ይጓተታሉ።)

የሻረግ፦ በሕግ አምላክ! አንድ እርምጃ ወደዚያ እንዳትል!

አንዳርጌ፦ እትዬ የሻረግ፣ እባክዎ ይልቀቁኝ። መውጫዬ ያውና፣ እዚያ ጥቁር ዋሻ ውስጥ ነው። የቀረኝ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

የሻረግ፦ በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል። አንተ ከውሃ ትብሳለህ?

አንዳርጌ፦ እኔስ ቆሜያለሁ። የማይቆመው የላዩ ወንዝ ነው። እላይ ክረምት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ወንዙ ዘሎ ዋሻው ውስጥ ይገባል። ባልደረባዬ ኩምሳ ገመዱን ይዞ አፉ ላይ ተቀምጧል። ዘጠኝ ከሆነ ገመዱን ስቦ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ እስከ መስከረም መውጫ የለኝም።

የሻረግ፦ መስከረም ማነው?

አንዳርጌ፦ ማን አይደለም፣ ወር ነው! አዬ ጉዴ። ፀሐይዋ መሃል ላይ ተሰክታ ቀርታ ቀንም ወርም ጠፍቶባችኋል እኮ።

የሻረግ፦ ምንም አልጠፋብንም። ሲርበን እንበላለን፣ ሲደክመን ቆዳ ፊታችን ላይ ጥለን እንተኛለን። ቆጥራችሁ ቆጥራችሁ ምን አተረፋችሁ? ይኸው ስትሮጥ አይህ የለም? ና ወዲህ! ዳኛው ያለው ከሐይቁ ማዶ ነው። ሦስት ጊዜ ተኝተን ስንነሳ እንደርሳለን።

አንዳርጌ፦ ሦስት ቀን! እስከዚያ ኩምሳ ለቅሶዬን ተቀምጦ ይነሳል።

የሻረግ፦ እኔም የቡሬን ለቅሶ ሳልቀመጥ ነው አንተን የምጎትተው።

አንዳርጌ፦ ገድያለሁ፤ አልካድኩም። ግን ቤት የሚያህል ቀንዳም እንሽላሊት መሬቱን እያንቀጠቀጠ ሲመጣብኝ ምን ላድርግ? አቅፌ ልሳመው?

የሻረግ፦ ቡሬን እንሽላሊት እንዳትለው! በሬ ነው። ገና ከእንቁላሉ ሲወጣ በመዳፌ ይዤ ያሳደግኩት በሬ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያንን ሁሉ ጭንጫ ከእኔ ጋር ያረሰው እሱ ነው። ደግሞስ ማን ጠራው?

አንዳርጌ፦ እኔማ አልጠራሁትም! ከሩቅ ሳየው ላስፈራራው ብዬ ሽጉጤን ወደ ላይ ተኮስኩ እንጂ።

የሻረግ፦ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። ቡሬን ያስተማርኩት በጅራፍ ነው። ጅራፌ ከጮኸ ለጨው ተጠራሁ ብሎ ካለበት ይመጣል። ያ ብረትህ ደግሞ እንደ ጅራፍ ጮኸ። ጨው ሊልስ ነው የመጣው።

አንዳርጌ፦ ለጨው?

የሻረግ፦ ለጨው! መጥራቱን አንተ ጠራኸው፣ መግደሉንም አንተ ገደልከው። በሬ ካራጁ ይውላል ይባል የለ።

አንዳርጌ፦ ይሄንን አላወቅኩም ነበር።

የሻረግ፦ ቡሬም አላወቀም።

አንዳርጌ፦ እክሳለሁ፣ እትዬ። በእናቴ እምልልዎታለሁ፣ እላይ ልድረስ እንጂ ሁለት በሬ እልክልዎታለሁ።

የሻረግ፦ በዚያ በገመድህ አንጠልጥለህ?

አንዳርጌ፦ መላ አይጠፋም...

የሻረግ፦ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። እኛ እንኳ የሰማዩን ከብት እናየዋለን፤ ቀና በል። ከፀሐይዋ ወዲያ ማዶ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቆ የሚታይህ አረንጓዴ፣ ያ የማዶ ሰዎች ግጦሽ ነው። እነዚያ ነጠብጣቦች መንጋቸው ናቸው። ያንተን ግን ባንጋጥጥ ባንጋጥጥ አላየሁትም።

አንዳርጌ፦ እሱን አያሳዩኝ፣ ያዞረኛል። ሰው በአናቴ ላይ ሲያርስ አይቼ አላውቅም። ቢላዋዬን ይስጡኝና ይሄን ኩታ ልቁረጠው። በቃኝ!

የሻረግ፦ ከመቀነቴ ውስጥ ነው ያለው፣ ወንድ ከሆንክ ውሰድ። ግን ሕጉን ልንገርህ፦ ከሳሽና ተከሳሽ ከተቋጠሩ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ አይፈቱም። ኩታውን የቆረጠ ተረታ ማለት ነው።

አንዳርጌ፦ እረታለኋ!

የሻረግ፦ የተረታ ደግሞ በበሬው ምትክ ሞፈር ይጎትታል። አንተ እንደሆንክ ትከሻህ ቀጭን ነው፤ አዘንኩልህ።

አንዳርጌ፦ ይሄን ሕግ ማን አወረደው?

የሻረግ፦ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ቁጠር፤ ከጦርነት ሸሽተው በዚያ ዋሻ የገቡት አያቶቼ ይዘውት ወረዱ። እህል ጣሉ፣ ዕቃ ጣሉ፣ ሕጋቸውን ግን አልጣሉም። እናንተ እላይ የቀራችሁት ጣላችሁት እንዴ?

አንዳርጌ፦ ቁራኛ እንኳ ቀርቷል። ሰው ከሰው ጋር አይቋጠርም።

የሻረግ፦ ታዲያ ተከሳሹን ማን ያመጣዋል?

አንዳርጌ፦ መጥሪያ ይላካል፣ በወረቀት።

የሻረግ፦ በወረቀት! ወረቀቱ ይቋጥረዋል?

አንዳርጌ፦ እሱን ይተዉት። የእርስዎ ዳኛ ማነው ለመሆኑ?

የሻረግ፦ አዛዥ ጠንክር።

አንዳርጌ፦ ፊቱ ቆመው ያውቃሉ?

የሻረግ፦ ሁለት ጊዜ።

አንዳርጌ፦ ረትተው?

የሻረግ፦ ሁለቱንም ጊዜ!

አንዳርጌ፦ ምን አገኙ?

የሻረግ፦ ተፈረደልኝ አልኩህ።

አንዳርጌ፦ ሰማሁ። ምን አገኙ?

የሻረግ፦ ተራመድ! መንገዱ ሩቅ ነው። የተከሳሽ ሥራ መሄድ እንጂ መጠየቅ... አጎንብስ!

አንዳርጌ፦ ምንድን ነው?

የሻረግ፦ ክንፋም ነው! ከፀሐይዋ በኩል! አጎንብስ አልኩህ!

አንዳርጌ፦ አምላኬ! ጥርስ አለው እንዴ ይሄ ወፍ?

የሻረግ፦ ሂድ! ሂድ ከዚህ፣ ጥንብ ፈላጊ! ቆይ፣ ድንጋዩ... መንገዱ ከዳኝ! አንዳርጌ!

አንዳርጌ፦ ያዢ! ኩታውን በሁለት እጅሽ ያዢ!

የሻረግ፦ ይቀደዳል!

አንዳርጌ፦ አይቀደድም! ወደ ታች አትዪ! ግራ እግርሽን ድንጋዩ ላይ አሳርፊ። ግራ አልኩሽ እኮ! እሱ ነው። በይ አሁን፣ ስስብሽ ሽቅብ ግፊ። ግፊ! አንድ ጊዜ... ደግሞ... መጣሽልኝ!

የሻረግ፦ እፎይ።

አንዳርጌ፦ ተንፍሺ። ክንፋሙ ሄዷል። ተንፍሺ።

የሻረግ፦ አንቺ አልከኝ።

አንዳርጌ፦ ይቅርታ፣ እትዬ። ለአንቱታ ጊዜ አልነበረም።

የሻረግ፦ ቢላዋው ከመቀነቴ ወድቆ እግርህ ሥር ተቀምጧል።

አንዳርጌ፦ አይቼዋለሁ።

የሻረግ፦ አሁን ነው ወይስ ተንጠልጥዬ ሳለሁ?

አንዳርጌ፦ ተንጠልጥለው ሳሉ።

የሻረግ፦ አንድ ጊዜ ብትሰነዝር እኔ ገደል፣ አንተ አገርህ ነበርክ። ለምን አልቆረጥክም?

አንዳርጌ፦ የቆረጠ ይረታል አላሉኝም? ለእርስዎ አልረታም።

የሻረግ፦ አትቀልድብኝ። ልቤ ገና አልተመለሰም።

አንዳርጌ፦ እሺ፣ አልቀልድም። ፈርቼ ገደልኩ አንድ ጊዜ። ጨው ሊልስ የመጣ በሬ ገደልኩ። ሁለተኛ ፈርቼ አልገድልም፤ ገመዱ ቢቀር ይቅር!

የሻረግ፦ ስንት ሆነልህ በዚያ በክንድህ ቆጣሪ?

አንዳርጌ፦ ስምንት ከሩብ። ከዚህ እስከ ገመዱ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ይሄስ የምን ድምፅ ነው?

የሻረግ፦ ዝም በል፣ ልስማ። መለከት ነው። የአዛዥ ጠንክር ፈረሰኞች ናቸው።

አንዳርጌ፦ ፈረስ አላችሁ?

የሻረግ፦ ስሙ ነው እንጂ የሚጋልቡት የቡሬን ዘመዶች ነው። ተኩስህን ሰምተው መጡ። ያንን ብረትህን ፈልገው ነው።

አንዳርጌ፦ ይውሰዱት! ከኮሮጆዎ አውጥተው ይወርውሩላቸውና እንገላገል።

የሻረግ፦ ብረቱን ከነሠሪው ነው የሚፈልጉት። ሌላ ሥራልን ይሉሃል። አልችልም ብትል ማን ያምንሃል? ከላይ የወረደ ሰው አዛዡ እጅ ከገባ ፀሐይዋን ሲያይ እንኳ በፈቃድ ነው።

አንዳርጌ፦ እና እርስዎ እስከ ሐይቁ ማዶ ጎትተው ሊያስረክቡኝ ነበር?

የሻረግ፦ ዳኛ ፊት ላቆምህ ነበር! ከእሱ ሌላ ዳኛ ከየት ላምጣ?

አንዳርጌ፦ አሁን ይንገሩኝ። ሁለት ጊዜ ረትተው ምን አገኙ?

የሻረግ፦ መጀመሪያ ጎረቤቴ መሬቴን ገፋኝ። ከሰስኩ፣ ረታሁ፣ መሬቴ ተመለሰ። አዛዡ ግን ለደከምኩበት ብሎ የቡሬን ጥንድ፣ ወይኖን፣ ነድቶ ወሰደ።

አንዳርጌ፦ ሁለተኛውስ?

የሻረግ፦ ሁለተኛ አዛዡን ከሰስኩት።

አንዳርጌ፦ ዳኛውን ራሱን? ማን ፊት?

የሻረግ፦ እሱው ፊት። ሌላ የለማ!

አንዳርጌ፦ እና ፈረደልዎ?

የሻረግ፦ አዎና! ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እውነቷን ነው፣ ያለ አግባብ ወስጃለሁ፣ ረትታኛለች አለ። ሕዝቡ እልል አለለት። ወይኖን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይጋልበዋል።

አንዳርጌ፦ እኔ እንጃ፣ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

የሻረግ፦ እኔ ሁለቱንም ጨርሻለሁ።

አንዳርጌ፦ ታዲያ ለምን ሦስተኛ ይሄዳሉ? እንደሚበላዎ እያወቁ!

የሻረግ፦ ዝም ልበል? ቡሬ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረውም። ማንም እንደ ዋዛ ጥሎት አይሄድም! ካሳህንም አልፈልገው፣ ጉልበትህንም አልፈልገው። ሰው በተቀመጠበት፣ ቆመህ፣ በአፍህ፣ የየሻረግን በሬ የገደልኩት እኔ ነኝ እንድትል ነው የምፈልገው። እዚያ ላይ ማንም እልል እንዳይል።

አንዳርጌ፦ እላለሁ። የትም ያቁሙኝ፣ እላለሁ።

የሻረግ፦ አፍህ ጣፋጭ ነው። ምን እያሉ ነው እነዚያ? ጆሮህ ከእኔ ይሻላል።

አንዳርጌ፦ በአዛዡ አምላክ ቁሙ ነው የሚሉት።

የሻረግ፦ በሕግ አምላክ አላሉም?

አንዳርጌ፦ አላሉም።

የሻረግ፦ ደግመህ ስማ።

አንዳርጌ፦ በአዛዡ አምላክ። ሦስት ጊዜ አሉት። ከገደሉ ሥር ደርሰዋል፣ ከእንስሶቻቸው እየወረዱ ነው። እትዬ፣ ይስሙኝ። ይፍቱኝና እርስዎ ወደ ቤትዎ ይመለሱ። አመለጠኝ ይበሏቸው። እርስዎን ምን ያደርጉዎታል?

የሻረግ፦ አመለጠኝ? እኔ? ከሳሽ ሆኜ ተከሳሽ አመለጠኝ ልበል? እዚህ አገር ስሜን የሚያጠፋ ሰው ቢኖር አዛዡ ነው፣ እሱም አልቻለም፤ አንተ ልታጠፋው ነው?

አንዳርጌ፦ ምን ይሁን ታዲያ? ስምንት ተኩል ሊሆን ነው!

የሻረግ፦ እላይ ዳኛ አለ?

አንዳርጌ፦ ምን?

የሻረግ፦ እዚያ እናንተ ዘንድ፣ ዳኛ የሚባል አለ ወይ?

አንዳርጌ፦ አለ። አሉ፣ ብዙ ናቸው።

የሻረግ፦ በሬ ይወስዳሉ?

አንዳርጌ፦ ኧረ... ሁሉም አይወስዱም። ቀጠሮ ያበዛሉ እንጂ።

የሻረግ፦ ቀጠሮ እችላለሁ። አንዱ ዳኛ ቢወስድስ፣ ሌላ ዳኛ ዘንድ መክሰስ ይቻላል?

አንዳርጌ፦ ይግባኝ ይባላል። ይቻላል።

የሻረግ፦ ይቻላል! አንዱን ዳኛ ሌላ ዳኛ ይዳኘዋል!

አንዳርጌ፦ እትዬ፣ ምን እያሰቡ ነው? ወደ ዋሻው አፍ የወጣ ሰው ርስቱ ይነቀላል ሲሉኝ አልነበር ቅድም?

የሻረግ፦ ያለ በሬ በምን ላርሰው? ይንቀሉት። አዛዡ በጥፍሩ ይረሰው።

አንዳርጌ፦ እላይ እኮ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ይጨልማል።

የሻረግ፦ ትመለስ የለ?

አንዳርጌ፦ ትመለሳለች። ቀና ሲሉም በአናትዎ ላይ መሬት የለም። ሰማይ ብቻ ነው፣ ባዶ።

የሻረግ፦ ከአናቴ ላይ ማንም የለም?

አንዳርጌ፦ ማንም።

የሻረግ፦ ያንን እንኳ ለማየት ብወጣ አይቆጨኝም። ቢላዋህን አንሳና ወገብህ ላይ ሻጥ። ምራኝ።

አንዳርጌ፦ እሺ፣ ይምጡ! ግን ኩታውን መጀመሪያ ይፍቱልኝ። ገመድ በአንድ እጅ አይወጣም፤ ተቋጥረን ከሆነ አንዳችን ስንንሸራተት ሁለታችንም ነን የምንወድቀው።

የሻረግ፦ አልፈታም! ሕጉ ዳኛ ፊት እስክትቆሙ አትፈቱ አለ እንጂ በየትኛው ዳኛ ፊት አላለም። ውጣ፣ ተከሳሽ!