ባሎቻችን የተመዘገቡበት የሴቶች ሬዲዮ

በእኛ ጊዜ ልጄ፣ ሬዲዮ ተናጋሪው ሌላ፣ ሰሚው ሌላ ነበር። እነሱ ይናገራሉ፣ እኛ ሞጣ ቁጭ ብለን እንሰማለን፣ አለቀ። ታዲያ አንዲት የሆላንድ ሴት፣ የድንች ዘር የምታስተምር፣ እኔ ግቢ ተከራይታ ነበር፣ እና አንድ ቀን ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እማማ፣ በእኛ አገር ሬዲዮ እንደ እናንተ እድር የማኅበር ነው። ከአያቶቻችን ጀምሮ ካቶሊኩ የራሱ አለው፣ ፕሮቴስታንቱ የራሱ፣ ሠራተኛው የራሱ። አባል የበዛለት ብዙ ሰዓት ያገኛል።»

«እና የሌላውን አትሰሙም?» ብላት ሳቀች። «አያቴ የሌላው ተራ ሲደርስ ይዘጋው ነበር። ቴሌቪዥን ሲመጣ ግን ጣቢያው አንድ ብቻ ሆነና ወደደም ጠላም ሁሉንም አየ» አለች።

ይቺ ነገር ሆዴ ገባች። ታዲያ ኋላ እዚህ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሲከፈት፣ ኃላፊው «እስከ ዓርብ ሃምሳ አባል ላመጣ ማኅበር በሳምንት አንድ ሰዓት» ብሎ አስለፈፈ። ነጋዴው ሮጠ፣ ገበሬው ሮጠ። ሴቶችስ? ዕድሜ ልኬን ስሰማ ኖሬ አንድ ቀን መናገር አማረኝ፣ እውነቴን ነው። ከጎረቤቴ ከሐሊማ ጋር፣ ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ ቤት ለቤት ዞረን መዘገብን።

ሐሙስ ጠዋት ኃላፊው ወረቀቱን ገለጠና «እማማ፣ ይሄ የሴቶች ሊስት ነው?» አለኝ። «አዎ!» «ታዲያ አቶ በላይ፣ አቶ ሙሐመድ፣ አቶ ደሳለኝ... ሴቷ የት አለች?»

ወይ ጉድ! የእድር ጸሐፊ ሆኜ የኖርኩ ነኝ፣ እድር ደግሞ በአባወራ ነዋ የሚጻፍ! እጄ ለምዶ ባሎቹን ሁሉ ደርድሬያቸው! ሴት ሆኜ ሴቶቹን ረሳሁ፣ አልዋሽሽም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ነገ ዓርብ ነው» አለኝ ኃላፊው፣ አዘነልኝም። ታዲያ እንደገና ዞርን። የአቶ በላይን ሚስት «ስምሽ?» አልኳት። «የቱን? አማቴ ያወጡልኝን ወይስ የእናቴን?» «የእናትሽን!» «ኧረ እሱንስ ካገባሁ ወዲህ የጠራኝ የለም... ጥሩነሽ ነኝ» ብላ እንባዋ መጣ፣ እኔም አለቀስኩ። ሐሊማ «እናንተ! ኋላ ታለቅሳላችሁ፣ ገና ሠላሳ ቤት ይቀረናል!» ብላ ጮኸችብን።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሃምሳ ሁለት ሴት በየስሟ አስገባን፣ ሰዓቱንም አገኘን። የመጀመሪያውን የእሑድ ፕሮግራም እኔ ከፈትኩት፣ ደስ አለኝ፣ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ታዲያ በማግስቱ አቶ በላይ መንገድ ላይ ያዘኝ። «እማማ፣ ከአባልነት ሰረዙኝ አሉ?»

«አዎ፣ ሰረዝኩህ።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«አድማጭ!» አልኩታ። አሁን እሑድ ሰዓቱ ሲደርስ ሬዲዮኑን የሚከፍተው እሱ ነው አለችኝ ጥሩነሽ። ሃሃሃ! ይበለው!