የተቆለፈው የውኃ ፓምፕ

ስለ ውኃ ፓምፑ መበላሸት ሁለት ወሬ አለ። ሰፈሩን ብትጠይቁ፣ «የተማሪ ሥራ ነዋ! ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ መጡ፣ ተከሉ፣ አጨብጭበን ሸኘናቸው፤ ዓመት ሳይሞላው አየር መትፋት ጀመረ» ይላችኋል። ተማሪዎቹን ብትጠይቁ ደግሞ፣ «እኛ ደህናውን አስረክበን ነበር፤ ሰፈሩ ችላ ብሎት ነው» ይላሉ። ሁለቱም የሚናገሩት በቅን ልቡና ነው። ሁለቱም ግን ግማሹን ስተዋል።

የሰፈሩን ወሬ አጥብቀው ከሚያወሩት አንዱ ጋሼ ንብረት ናቸው። ይህ ቅጽል ስም የወጣላቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመጋዘን ኃላፊ ስለነበሩ ነው። የፓምፑን አጥር የሚቆልፉትም እሳቸው ናቸው። ተማሪዎቹ ዘንድሮ ተመልሰው «በነፃ እንጠግነው» ሲሉ፣ «አንዴ ተሞኘን፤ ይበቃል» አሉ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ። ሰፈሩ የእሳቸውን አፍ ይጠብቃል፤ እምቢ ካሉ ተማሪዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሌላ ሰፈር ሊሄዱ ነው።

ለስብሰባው ደህና ጫማቸውን ከካርቶኑ ቢያወጡ ቆዳው ተሰነጣጥቆ አገኙት። እየተነጫነጩ ወደ ጫማ ሰፊው ሲሄዱ፣ አንዲት ወጣት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቁራጭ ቆዳ ታገላብጣለች። ከተማሪዎቹ አንዷ ናት።

«ደህና ዋሉ፣ አባባ» ብላ በርጩማውን ለቀቀችላቸው።

«ደህና ዋልሽ። ከፓምፕ ወደ ጫማ ዞራችሁ ደግሞ? እሱንስ ትችሉበት ይሆን?»

ሳቀች። «በፓምፑ ሆድ ውስጥ ውኃውን የሚስበው ቀለበት የቆዳ ነው። እዚሁ መሠራት ይችል እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«አምና ይህን ብትጠይቁ ምን ነበረበት!»

«እውነትዎን ነው። አምና ከሩቅ ያመጣነውን ገጥመን ሄድን። ማንንም አላስተማርንም። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

ጋሼ ንብረት በርጩማው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ለጫማ ሰፊው አቀበሉ።

«ግን አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ፓምፑ ደህና ሳለ በየስንት ጊዜው ይከፈት ነበር?»

«ከሩቅ የምንቀዳበት ምንጭ ሲጎድል፣ ሰው ሲቸገር። አለዚያማ ሁሉም በየቀኑ እየመጣ ቢነቀንቀው ወር ይቆያል? የቆለፍኩት እንዳያልቅ ብዬ ነው! ችላ አላችሁ የሚለኝ ካለ ዓይን ዓይኔን እያየ ይንገረኝ!»

«ችላ አላላችሁም። እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠበቃችሁት። የጎዳውም ይኸው ይመስለኛል። ቆዳው ውኃ ካላገኘ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ የሚስበው አየር ብቻ ነው።»

«አሁን ደግሞ የጠበቀ ጥፋተኛ ሆነ! የተነካ ያልቃል፣ የተቆለፈ ይቆያል። ከመጋዘኔ አንድ ብሎን እንኳ ጠፍቶ አያውቅም!»

ጫማ ሰፊው ጫማቸውን እያገላበጠ፣ «ጋሼ፣ ይህን ስንት ቀን ተጫሙት?» አላቸው።

«አንድ ቀን። ለልጄ ሠርግ።»

«ታዲያ ምን ሰነጣጠቀው? ካርቶኑ ውስጥ ብቻውን ሲሄድ ያድር ነበር እንዴ? ይህስ በጡረታ የሞተ ጫማ ነው!»

ጋሼ ንብረት ሊቆጡ ቃጣቸው፤ ግን ሳቃቸው ቀደማቸው።

«እሺ ይሁን» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «በየቀኑ ቢሠራስ አያልቅም?»

«ቀለበቱ ያልቃል፤ አልዋሽዎትም። ግን ከሰፈሩ የሚቀይረው ሰው ካለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዘንድሮ የመጣነው ከሁሉ በፊት ያንን ለማስተማር ነው።»

«ማን ሊማር? ወንዶቹ ጧት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። እኔንም ጉልበቴ ከድቶኛል።»

«የሚቀዱት ቢማሩስ? ፓምፑ ሲታመም ቀድሞ የሚያውቀው እጀታውን የሚይዝ ሰው ነው።»

«ሴቶቹ? መፍቻ ይዘው?»

በዚህ መሐል ምራታቸው ሕፃን ልጇን አዝላ፣ ከሩቁ ምንጭ የቀዳችውን ጀሪካን አንጠልጥላ በበሩ ስታልፍ፣ አማቷን አይታ ሰላም ለማለት ቆመች። ተማሪዋ ያንኑ ጥያቄ አቀረበችላት።

«እኔማ በደስታ! ግን ይህን ልጅ ማን ይይዝልኛል? አዝዬው ጉድጓድ ላይ ላጎንብስ?» አለችና ጀሪካኑን በሌላ እጇ ይዛ መንገዷን ቀጠለች።

ሽማግሌው እስክትታጠፍ ድረስ ከኋላዋ አዩአት። ቁጠባ መውደዳቸው ክፉ ነገር አልነበረም። ያላሰቡት፣ እሳቸው ፓምፑን ሲቆጥቡ የምራታቸው ወገብ ሲያልቅ መክረሙን ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሡ።

«ጎረቤቶቼ፣ እነዚህ ልጆች ሳያስተምሩ በመሄዳቸው አጠፉ፤ እኔም እንዳያልቅ ብዬ ቆልፌ አደረቅሁት። ተካክለናል። ይጠገን፤ አጥሩም ጧት ማታ ይከፈት። ውኃው ደጃችን ከሆነ ልጆቻችን ታጥበው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ በቆሻሻ ውኃ የሚመጣው የሆድ ሕመምም ይቀንሳል፤ በመንገድ የሚያልቀው ጊዜ ለሥራ ይተርፋል።»

«ሲበላሽስ? እንደገና እነሱን ልንጠብቅ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ማንንም አንጠብቅም። የሚቀዱት ሴቶች ጥገናውን ይማራሉ፤ ምራቴ ትቀድማለች።» ቀጥለውም ወደ ምራታቸው ዞረው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ነይ፣ አውርጂልኝ። አንቺ ፓምፑን ስትይዢ፣ ልጁን እኔ እይዛለሁ።»