ድድ ያወጣው ምስጢር

ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከሁለታችን በቀር ግን የሚያውቅ የለም። ጥርሷን በቦረሸች ቁጥር ድዷ እየደማ ስላስቸገራት፣ እዚህ ውጭ አገር ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ጥርስ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የሐኪሙ ረዳት የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሆና አረፈችው። እኔ ፎርም ሞልቼ ሦስት ጊዜ ካላነበብኩ የማላምን ሰው ነኝ። ስለ እርግዝና የሚጠይቀው ቦታ ስደርስ ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ «ኖ በለው! እሑድ ሳይደርስ አገር ይሰማል።» እየከበደኝ «ኖ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ሦስት ጊዜም አነበብኩት።

ሐኪሙ ያበጠውን ድዷን እያየ የመድኃኒት ስም ሲጠራ ረዳቷ ፎርሙን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜ፣ ድድ እንዲህ ሲያብጥ ብዙ ጊዜ ያየሁት እርጉዞች ላይ ነው። ይሄ መድኃኒት ደግሞ ፅንስ ይጎዳል ተብሎ ለእርጉዝ አይሰጥም። እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ በአማርኛ።

ክው አልኩ። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። እሷ ደግሞ የሐኪሙ መሣሪያ አፏ ውስጥ ስለነበር መናገር አልቻለችም፤ እጇን አንስታ ሦስት ጣቷን አሳየች።

«ሦስት ወር?» አለች ረዳቷ። ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ ነገረችውና ወደ ባለቤቴ ጎንበስ ብላ፣ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ከእኔ አይወጣም» አለቻት። ከዚያ ፎርሙን እንዳስተካክል እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ፎርሙን እንደገና ማንበብ ስጀምር «ኖ» የሚለውን ራሷ ሰረዘችልኝ።