ሁለት ፍሬን በአንዴ

በእኛ ጊዜ እኮ ክኒን ማለት ሲያምህ የምትውጠው፣ ሲሻልህ መሳቢያ ውስጥ የምትወረውረው ነገር ነበር። የተረፈው ለጎረቤት ነው። «ምንህን አመመህ? ራስህን? እንካ፣ እኔን አድኖኛል!» ስሙኝማ ልጆች፣ አትሳቁ፣ እናንተም ታደርጉታላችሁ።

እና እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ በጭነት መኪና ሳወርድ የኖርኩ ሰው፣ ጡረታ ወጥቼ እዚህ ኮተቤ ቁጭ ባልኩ በዓመቱ ልቤ መዝለል ጀመረች። ዝም ብዬ በተቀመጥኩበት! ድው ድው ትላለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ደግሞ ትሮጣለች። ታዲያ ባለቤቴ አስካለ ጎትታ ጉርድ ሾላ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐኪሟ የልጅ ልጄን የምታክል ናት። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፋ ወረቀቱን አየችና፣ «አባቴ፣ የልብዎ ምት ተዛብቷል። ይሄን መድኃኒት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ አንድ። ሳይጠይቁኝ እንዳያቋርጡ፣ እንዳይጨምሩ» አለችኝ። እሺ አልኩ፣ ዋጥኩ። ልቤ ተገራች።

ታዲያ ሁዳዴ ገባ።

እኔ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። እስከዚያ ውሃ እንኳ ካፌ አይገባም። ክኒን ደግሞ ያለ ውሃ አይወርድ። ታዲያ ምን አሰብኩ? «የጠዋቷን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከማታዋ ጋር ደርቤ ብውጣትስ? በቀን ሁለት ተባልኩ፣ ሁለት ዋጥኩ፤ ምኑ ተጓደለ?» ለማን ነገርኩ? ለማንም። ለአስካለ ብነግራት ጾሜን ታስፈታኛለች። ለንስሐ አባቴ እንዳልነግራቸው ደግሞ አፈርኩ፤ ታምሩ ሰነፈ የሚሉኝ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ምንም። በሁለተኛው እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ከየካ ሚካኤል ቅዳሴ ወጥተን፣ ከጎረቤቴ ከደበበ ጋር፣ ይኸው አጠገቤ የተቀመጠው ደበበ፣ ሁለቱን ክኒን ከነውሃው ዋጥ አደረግኩና ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ቆሎ እየቆረጠምን ስንጫወት ቆየን። እና ልሂድ ብዬ ብድግ ስል ዞረብኝ። ሰማዩ ጠቆረ። ወደቅኩ።

«ወይኔ ታምሩ! ኧረ ሰዎች!» ብሎ ደበበ ሲጮህ ሰው ተሰበሰበ። አንዷ ጸበል ትረጨኛለች፣ አንዱ «አየር ስጡት!» ይላል፣ ራሱ ላዬ ላይ ቆሞ! እና ይሄ ደበበ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከኮቱ ኪስ ክኒን አወጣ። «እኔም የልብ መድኃኒት አለኝ፤ አይዞህ፣ ይቺን ዋጣት» ብሎ ከንፈሬ ላይ! እኔም አፌን ከፈትኩ። አፌን ከፈትኩ፣ ልጆች! ከሴቶቹ ጋር ወደኋላ ቀርታ የነበረችው አስካለ ደርሳ እጁን በጥፊ መታችው። «ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው አንተ?» ክኒኗን ከመሬት አንስታ፣ እኔን ታክሲ ላይ ጭና፣ ቀጥታ ጉርድ ሾላ።

ሐኪሟ እጄን ይዛ ሰዓቷን አየች። ፊቷ ተለወጠ።

«ዛሬ ስንት ዋጡ?»

«እንዳዘዝሽኝ።»

«አባቴ፣ ስንት?»

አስካለ አፍጥጣ ታየኛለች። «ሁለት» አልኩ።

«በአንዴ?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«በአንዴ ነው?»

«ጾም እኮ ነው ልጄ።»

አልተቆጣችም። «ሥራዎ ምን ነበር?» አለችኝ። «ሹፌር» አልኳት። «እንግዲያው ይሄ መድኃኒት ፍሬን ነው። ጠዋት ያለ ፍሬን ነዱ፣ ከሰዓት ሁለት ፍሬን በአንዴ ረገጡ። ልብዎ ሊቆም ምንም አልቀረው።» የደበበን ክኒን ከአስካለ ተቀብላ አየችና፣ «ይሄ ደግሞ ሦስተኛው ፍሬን ነበር» አለች። እና እኔ የእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በድንገት የረገጠ ጭነት መኪና ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ላብ አጠመቀኝ።

አስተኝታ ስትከታተለኝ አድራ በማግስቱ ሸኘችኝ። «ሰዓት ካለፈዎት ለማካካስ ብለው አይደርቡ፣ ይደውሉልኝ። የጉንፋን መድኃኒትም ይሁን የባህል ሥራሥር፣ ሌላ ነገር ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁኝ» አለችኝ።

ታዲያ ንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። «ታምሩ፣ ጠይቀኸኝ ከለከልኩህ?»

«አባ፣ አፈርኩ።»

«እኔን አፍረህ ልትሞትብኝ! ለታመመ ሰው ጾሙ እንደ አቅሙ ነው። መድኃኒትህን ሐኪሟ ባለችህ ሰዓት ዋጥ። ስትቆርብ አስቀድመህ ንገረኝና ከሐኪምህ ጋር እንመክርበታለን።»

አያችሁ? ያን ሁሉ ቀን የደበቅኩት ነገር በአንድ ጥያቄ የሚያልቅ ነበር። አሁን የመድኃኒቴን ስም የያዘች ወረቀት ከአሮጌው መንጃ ፈቃዴ ጀርባ አለች፤ ብወድቅ እንኳ ሰው ያነባታል። ዘንድሮም ሁዳዴን እየጾምኩ ነው፣ እህሉን እስከ ዘጠኝ፣ ክኒኑን በሰዓቱ። ባለፈው ሳምንትም እንጦጦ በእግሬ ወጣሁ። ቀስ ብዬ፣ በአንደኛ ማርሽ።

«ታዲያ እኔ በደግነት ነበር እኮ!» ይላል ደበበ።

ደግነትህን በሻይ ግለጸው፣ ኪስህን ዝጋ! (ሳቅ)

«ታምሩ!» አስካለ ናት፣ ከጓዳ። «አንድ ሰዓት ሆነ! ስንት ነው የምትውጠው?»

አንድ!

«ደበበ፣ እስኪ እየው!»

«እያየሁት ነው እትዬ አስካለ። አንድ ናት። የእኔም ኪስ ተዘግቷል።»