የጥቁር እንጨቷ ልጣጭ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አፍ ለሌለው አፍ ሁንለት» ይል ነበር። ለሰው ብቻ የሚል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለዛፍም ነው።

በእኛ ጊዜ ልጣጭ የፈለገ ሰው አስፈቅዶ፣ አማትቦ፣ ከአንድ ጎን ትንሽ ይልጥና ቁስሉን በጭቃ መርጎ ይሄዳል። አሁንስ? አሁንማ በቃ፣ ቢላ ይዞ መምጣት ነው።

እኔ ካዛንቺስ እዚያ ዛፍ የሞላው ግቢ ውስጥ አትክልተኛ ነኝ። ሰው መናፈሻ ይመስለዋል፤ አይደለም። ከየአገሩ የመጣ ዛፍ ለዘር ብለው ተክለውት፣ ስሙ በቆርቆሮ ተጽፎ የተንጠለጠለበት ነው። ጥቁር እንጨት የሚሏት አንዲት ዛፍ አለችን፤ አንድ ናት፤ ችግኝ የምናፈላው ከሷ ፍሬ ነው። ታዲያ አንዱ ተነስቶ ልጣጯ ሽንት ለከለከለው መድኃኒት ነው ብሎ አወራና፣ ሰዉ ይመጣል፣ ይልጣል፣ ይመጣል፣ ይልጣል። ልጣጭ ለዛፍ ደም ስሯ ማለት ነው፤ ቁስሉ ዙሪያዋን ከተገናኘ አለቀላት፣ ትደርቃለች። ለአለቃችን ብነግረው፣ «አባባ፣ አጥር ይሠራላታል፣ ትንሽ ይታገሱ» አለኝ።

«እኔስ ልታገስ፤ እሷ ትታገሳለች ወይ?»

«ስብሰባ አለብኝ» ብሎኝ ሄደ።

እና እኔው ከቄራ እበት አምጥቼ፣ ከጭቃ ለውሼ ቁስሏን መረግሁላት፤ ጸሎትም አደረስኩላት። የቀረው ጤነኛ ልጣጭ ከመዳፌ ስፋት አይበልጥም። ሕይወቷ በዚያች ተንጠልጥላለች፣ ይታያችኋል?

ታዲያ ባለፈው ከኪዳን ስመለስ፣ አንድ ጎረምሳ፣ ጫማው ነጭ፣ የቢሮ ባጅ አንገቱ ላይ፣ ያችኑ የቀረችውን ይልጣል። እበት የተመረገበትን ተጸይፎ፣ ንጹሕ ነው ብሎ ያችኑ።

«አንተ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ፋዘር፣ ተረጋጉ፤ ትንሽ ናት እኮ።»

«ሁሉም ትንሽ ናት ነው የሚለው። ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ጨረሳችኋት። ደግሞ ፋዘር አትበለኝ።»

«እሺ አባባ። ለአባቴ ነው፣ ታሞብኝ።»

«ሐኪም ቤት የለም?»

«ወስደነዋል። ለቀዶ ጥገና ተራ ጠብቁ ተባልን።»

«እና ተራ እስኪደርስ ዛፍ ትገድላለህ? አንተ ስታገኝ፣ ከኋላህ የሚመጣውስ ምን ይልጣል? አጥንቷን?»

ንዴቴ አልበረደም፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁንም አልበረደም። ልጣጩን ከእጁ ነጠቅሁት። ከግንዷ ላይ ገጥሜ ባስረው አይመለስ፤ የተላጠ ተላጠ። እርጥብ ነው፣ መዳፌን አረጠበው። «ይህች ብትደርቅ ዘሯ ከዚህ ግቢ ጠፋ ማለት ነው፤ ይገባሃል?» ልለው ብዬ፣ ግማሹ ላይ እንባዬ ቀደመኝ።

እሱም ቢላውን አጠፈና፣ ልጣጩን እንድመልስለት እጁን ዘርግቶ፣ እንዲህ አለኝ፦

«አባባ፣ አባቴ ሽንት እምቢ ብሎት ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። እርስዎ ለዛፏ አለቀሱላት፤ ለእሱስ ማን ያልቅስለት?»