ጊፍቲን ወዴት ይወስዷታል?

ባለፈው ክረምት ወደ ጅማ ለመመለስ አጋሮ መናኸሪያ እንደቆምኩ ዝናብ ጣለና አንድ የቆርቆሮ ጥላ ስር ተጠጋሁ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ በጋቢ የተጠቀለለ ልጅ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሕፃን መስሎኝ ነበር፤ ጋቢው ሸርተት ሲል ግን ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። እግሮቿ እንደ መቀስ ተቆላልፈው ደርቀዋል።

ጅማ ፊዚዮቴራፒ የምትማር ነጅላ የምትባል ወጣት ልትጠለል ስትገባ አየቻቸውና ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። ለካ ጎረቤታቸው ናት።

"ኦቦ ነጋሳ፣ ጊፍቲን ወዴት እየወሰዷት ነው?"

"ገጠር፣ እህቴ ዘንድ። ለታናሿ ልጄ ሽማግሌ ሊላክ ነው። ይህችን የልጅ ልጄን ካዩ 'ዘራቸው በሽታ አለበት' ብለው ይቀራሉ።"

"እህትዎ ይጠብቋታል?"

"ቡና ለቀማ ስትወጣ በር ትዘጋባታለች። ምን ታድርግ?"

"ለሚንም እንዲሁ ነበር የዘጉበት" አለች ነጅላ ቀስ ብላ።

ለሚ የሰፈራቸው ልጅ ነበር፤ መናገር አይችልም። ቤተሰቡ ለቀማ ሲወጣ ከምሰሶ አስሮ በር ዘግቶበት ሄደ፤ ቤቱ በእሳት ተያያዘ። አስከሬኑን ያወጡት ኦቦ ነጋሳ ራሳቸው ነበሩ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። "ይህ ሁሉ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው።"

"ቁጣ አይደለም፣ አባቴ። እናቷን የገደለው ምጥ ነው እሷንም የጎዳት፤ አየር አጥሯት አንጎሏ ተነካ። በዘር የመጣ አይደለም።"

"እሺ። ሐኪም ያድናታል?"

"አያድናትም፤ ልዋሽዎ አልፈልግም። በሕፃንነቷ ቢያመጧት ኖሮ እግሮቿ እንዲህ ባልደረቁ። አሁን ግን መራመዷን እጠራጠራለሁ።"

"ታዲያ ለምን ልድከም?"

"መቀመጥ ትችል ይሆናል። ተኝታ ስትጎርስ የሚያስላት ምግቡ ወደ ሳንባዋ እየገባ ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ ይገድላታል። ትምህርትም አለ።"

"ትምህርት? ይህች ምን ታውቃለች ልጄ? ነፍስ ብቻ እኮ ናት።"

ነጅላ ልጅቷን ተቀብላ ጀርባዋን ደግፋ አስቀመጠቻት፤ ሙዝ አድቅቃ በጥቂት በጥቂቱ አጎረሰቻት። አላሳላትም። ጊፍቲ ዓይኗን ወደ ሽማግሌው አዙራ "አ…ኮ" አለች።

"ሁልጊዜ ትላለች?"

"በር ስዘጋባት። ማቃሰቷ ነው።"

"አካኮ እያለች ነው፣ ኦቦ ነጋሳ። አያቴ ብላ እርስዎን ነው የምትጠራው።"

የገጠሩ መኪና ሞልቶ ሲወጣ ሽማግሌው አልተነሡም። በኋላ ጊፍቲን አቅፈው ከእኛ ጋር የጅማውን ተሳፈሩ።

ዘንድሮ ጅማ መርካቶ ገበያ አገኘኋቸው። የታናሽ ልጃቸው ጋብቻ ሳይሳካ ቀርቷል፤ የጊፍቲም እግሮች አልተፈቱም። ነገር ግን ሐኪሞቹ ባሳዩት ልክ አናጢ በሠራላት ወንበር ተደግፋ ትቀመጣለች፤ ቀና ብላ ስለምትጎርስ ሳሉ ትቷታል። ልዩ ፍላጎት ክፍል ባለው ትምህርት ቤት ገብታ የምትፈልገውን በሥዕል እያመለከተች ትናገራለች። አያትየውም እጅና እግሯን ማፍታታት ተምረዋል።

"ከሰው ዓይን የሸሸግኳት መስሎኝ" አሉኝ፣ "ከሐኪምና ከአስተማሪ ነው ለካ የሸሸግኳት።"

እንዲህ ያለ ልጅ በጓዳችሁ ያላችሁ ወላጆች፣ ዛሬውኑ አቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ጠይቁ፤ ትምህርት ቤቱንም ልዩ ፍላጎት ክፍል እንዳለው ጠይቁ። የጊፍቲን እግሮች ያደረቃቸው መዘግየት ነው።